አንድ ገጽ ኑዛዜ፣ 19 ወር ውርስ

አክስቴ ኑዛዜዋን የጻፈችው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ ነው። ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ አንዲት ሳንቲም ሳታወጣ። ያችን አንድ ገጽ ለመፈጸም ግን እኛ 19 ወር ፈጀብን። አስፈጻሚ አድርጋ የሰየመችው እኔን ስለሆነ ወጪውን የምመዘግበውም እኔ ነበርኩ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የወጣውን ሁሉ ጻፍኩበት። ደብተሩ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ "ኑዛዜ ማስጻፍ ስንት ያስወጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደብተሬን ገልጬ ሳየው ግን ትልቁ ገንዘብ የወጣው በማስጻፉ አይደለም። የወጣው ሳይጻፍ በቀረውና ተጽፎም ግልጽ ባልሆነው ነገር ነው። ለጓደኛዬ በስልክ ይህን ሁሉ መናገር አልቻልኩም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ለመጻፍ የሚወጣው ከዜሮ ይጀምራል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ በብዙ ቦታ ግን ሰው ኑዛዜውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮና ፈርሞ ቢያስቀምጠው ይጸናል። እ.ኤ.አ. በ1948 በካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ፣ ሴሲል ጆርጅ ሃሪስ የሚባል ገበሬ እርሻው ላይ ትራክተሩ ሥር ተይዞ ለሰዓታት መውጣት አቃተው። በኪሱ በነበረችው ሰንጢ የትራክተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ፣ ከሞትኩ ሁሉም ነገር ለሚስቴ ይሁን የሚል ቃል ጭሮ ስሙን ጻፈበት። ሰውየው ሞተ። ፍርድ ቤቱም ያንን ብረት ኑዛዜ ነው ብሎ ተቀበለው። ብረቱ ዛሬም በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ታሪክ ሰዎች ኑዛዜ ቀላል ነገር ነው ለማለት ያነሱታል። እኔ ግን የሃሪስ ቃል ያላስቸገረው ሁሉንም ለአንድ ሰው ስለሰጠ ይመስለኛል። ማካፈል የለ፣ መገመት የለ፣ "ይህ ለማን ነው?" የሚባል ነገር የለ። ሰው ግን አንድ ቤት ለሦስት ልጅ፣ ገንዘቡን ለሌሎች፣ ለታመመው ወንድሙ ደግሞ በየወሩ የሚቆረጥ ነገር ልተው ሲል፣ ከቀድሞ ትዳር የተወለዱ ልጆች ሲኖሩ፣ ወይም ንብረቱ ሁለት አገር ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል፤ የማስጻፊያው ዋጋም አብሮ ይጨምራል።

ጠበቃ ጋር ስንሄድ የምንከፍለው ለወረቀቱ ይመስለናል። ዋናው ክፍያ ግን ጠበቃው ለሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ነው። ይህ ወራሽ ካንተ ቀድሞ ቢሞት ድርሻው ለማን ይሄዳል? ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ካለ፣ ዕዳውን ቤቱን የወሰደው ይከፍላል ወይስ ከሁሉም ላይ ይቀነሳል? ልጅህን ከውርስ ነቅለህ ለሌላ ሰው ልትሰጥ ካሰብክ፣ ሕጉ ለልጆች የማይነካ ድርሻ ያስቀምጣል? (ፈረንሳይን ጨምሮ ብዙ አገሮች ያስቀምጣሉ።) የሕይወት ኢንሹራንስህ ላይ ተጠቃሚ ብለህ ያስመዘገብከው ማንን ነው? ብዙ ጊዜ የኢንሹራንሱ ገንዘብ የሚሄደው ውሉ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ነው፣ ኑዛዜው ሌላ ቢልም። እነዚህን ጥያቄዎች አክስቴን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስለዚህ እሷ ከሞተች በኋላ እኛው ተጠየቅናቸው፤ እኛ ደግሞ መልሱን አናውቀውም።

የአክስቴ ትልቁ ስህተት የምስክሮቹ ነገር ነበር። ኑዛዜው ይበልጥ እንዲጠነክር ብላ እንዲፈርሙበት ያደረገችው እዚያው ቤት ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ነው። ከእነሱ አንዷ አብራት የምትኖር፣ እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት የእህቷ ልጅ ናት። ኑዛዜው ላይ ከሁሉ የበለጠ ድርሻ የተተወላትም ለሷው ነበር። ሕጉ ደግሞ ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር እንዳይሆን ይከለክላል። ይህ ክልከላ በጣም ብዙ አገር አለ። በአንዳንዱ ሙሉ ኑዛዜው ይፈርሳል፣ በሌላው ኑዛዜው ቆሞ ለዚያ ሰው የተተወው ብቻ ይወድቃል። ከሁሉም በላይ ልትጠቅማት የፈለገቻት ልጅ፣ ፊርማዋን ስላኖረች ድርሻዋን አጣች። ጎረቤት ጠርቶ ማስፈረም ምንም አያስወጣም ነበር። ያችን ፊርማ ለማስተካከል ግን ሁለት ጠበቃ፣ አምስት ቀጠሮ፣ በመጨረሻም ወራሾቹ ሁሉ በራሳቸው ፈቃድ የፈረሙት የስምምነት ሰነድ አስፈለገ። የደብተሬ ሦስት ገጽ ሙሉ ይህ ብቻ ነው።

ሰው ሲሞት ባንክ ሒሳቡን ያግዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የገጠመን ይህ ነበር። አንዱ የአክስቴ ወንድም ልጅ በሕይወት እያለች የሰጠችው ውክልና ነበረው፣ "በሱ አወጣለሁ፣ ለቀብሩ እንጠቀምበታለን" አለ። ውክልና ግን ሰጪው ሲሞት ያበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አላውቅም ነበር። ሳይነገራቸው የሚያወጡ ሰዎች በኋላ ከባድ ነገር ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እያለ፣ የቀብሩን፣ የሰነዱን፣ የፍርድ ቤቱን፣ የቤት ጠባቂውን ወጪ ከኪሳችን አዋጣን። ያዋጣነው ከውርሱ ላይ ተመላሽ ይሆናል፣ ይህ ልክ ነው፤ ግን ተመላሽ የሚሆነው ከብዙ ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ያለው የሚከፍል፣ የሌለው የሚሸማቀቅ ቤተሰብ ትሆናላችሁ። ከእኛ ውስጥ አንዷ ለዚህ ብላ ተበድራለች።

ንብረት ሞልቶ ጥሬ ገንዘብ ማጣት በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1973 በ91 ዓመቱ ሲሞት ኑዛዜ አልተወም። የተወው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሥራ ነው። እያንዳንዱን መዝግቦ፣ ገምቶ፣ ለወራሾቹ ለማካፈል ዓመታት ወሰደ። የውርስ ግብሩን ወራሾቹ ለፈረንሳይ መንግሥት የከፈሉት በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ፓሪስ ውስጥ የተከፈተው የፒካሶ ሙዚየም ስብስብ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። የእሱ ወራሾች መንግሥት በሥዕል ተቀበላቸው። አንድ ቤት ብቻ የወረሱ እህትማማቾች ግን ግማሽ መስኮት ወይም አንድ ክፍል ቆርጠው ሊከፍሉ አይችሉም። ወይ ይበደራሉ ወይ ቤቱን ይሸጣሉ። ደግነቱ የውርስ ግብር የሌለባቸው አገሮችም አሉ፣ ባለበትም ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ውርስ ነፃ የሚወጣበት ብዙ ነው።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። ከጠብ ቀጥሎ ብዙ የበላን ወጪ ማንም ውርስ ሲያስብ የማይቆጥረው ነው፤ ቤቱ ባዶውን የቆመበት 19 ወር። ቤቱ ሲቆም መብራቱና ውሃው ይቆጥራል፣ ግብሩ ይመጣል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ጥበቃ ይፈልጋል። ማከራየት አንችልም፣ ባለቤቱ ገና አልተለየምና። መሸጥም እንደዚያው። እያንዳንዱ ቀጠሮ በአንድ ወር በተራዘመ ቁጥር የአንድ ወር ወጪ ተጨመረ ማለት ነው። ሁሉንም ደምሬ ሳየው የቤቱ ማቆያ ወጪ ፍርድ ቤት ከከፈልነው በለጠ።

የሞት የምስክር ወረቀት ነገርም ሌላ ነው። መጀመሪያ ሦስት ኮፒ አስወጣሁ፣ ይበቃል ብዬ። መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ አስፈልጎኛል። ባንኩ አንድ፣ ኢንሹራንሱ አንድ፣ አክሲዮን ያላት ድርጅት አንድ፣ ጡረታው አንድ፣ እያለ ይቀጥላል፣ ሁሉም ደግሞ ዋናውን ወይም የተረጋገጠውን ነው የሚሉት። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ግን እየተመላለሱ ማውጣቱ ከሥራ ያስቀራል።

አክሲዮኑን ያገኘነው ደግሞ በአጋጣሚ ነው። ስለመኖሩ ማንም አያውቅም ነበር፣ አንድ የትርፍ ክፍፍል ደብዳቤ በስሟ መጥቶ ነው ያወቅነው። እሱን ለማስመዝገብ፣ ለማስገመትና እንደገና ለመደልደል አራት ወር ተጨመረ። አንድ ወረቀት ላይ "ይህ ድርጅት ውስጥ አክሲዮን አለኝ፣ ደረሰኙ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው" ብላ ቢሆን ኖሮ! ኑዛዜው ውስጥ መጻፍም አያስፈልገውም፣ የንብረት ዝርዝር ለብቻው ቢቀመጥ ይበቃል። ስልኳ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ውስጡ ያሉት ፎቶዎች ለእኛ ከአክሲዮኑ ይበልጡ ነበር።

ስለ ባለሙያ ክፍያ አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሳይጠይቅ የሚፈርምበት ቦታ ይህ ነው። ጠበቃ ወይም ውርስ አጣሪ (የሟችን ንብረትና ዕዳ ለይቶ የሚያጣራው ሰው) ክፍያውን የሚያሰላው ወይ በሠራው ሰዓት፣ ወይ በቁርጥ፣ ወይ በውርሱ መቶኛ ነው። መቶኛ ሲባል "የምን መቶኛ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከጠቅላላው ነው ወይስ ዕዳው ተቀንሶ ከቀረው? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ሕግ ውርስ በፍርድ ቤት ሲጣራ ለጠበቃ የሚገባውን መደበኛ ክፍያ በመቶኛ አስቀምጧል፤ ከመጀመሪያው 100 ሺህ ዶላር 4 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 100 ሺህ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እስከ 1 ሚሊዮን ድረስ 2 በመቶ። ስሌቱ ግን ዕዳ ሳይቀነስ ነው። ሟች 500 ሺህ የሚያወጣ ቤት ትቶ 450 ሺህ የባንክ ዕዳ ቢኖርበት፣ ለወራሾች የሚቀረው 50 ሺህ ነው፤ ክፍያው ግን የሚሰላው ከ500 ሺው ላይ ስለሆነ 13 ሺህ ይመጣል። አስፈጻሚውም በዚያው ልክ መጠየቅ ይችላል። ሁለቱ ከጠየቁ 26 ሺህ ሄደ፣ ከ50 ሺህ ላይ! ሌላ ቦታ ሕጉ ሌላ ይሆናል። ጥያቄው ግን የትም ቢሆን ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም፣ መልሱም ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ይሁን።

ግምትም እንዲሁ ራሱን የቻለ ጠብ ነው። ዘፋኙ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ያለ ኑዛዜ ሲሞት፣ የውርሱ አስተዳዳሪ ንብረቱን ወደ 82 ሚሊዮን ዶላር ገመተው፣ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ደግሞ ወደ 163 ሚሊዮን ነው አለ። በ156 ሚሊዮን የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በነዚያ ዓመታት የጠበቃው፣ የገማቹ፣ የአስተዳዳሪው ክፍያ ሁሉ ከዚያው ከውርሱ ላይ ነው የሚወጣው። ወራሽ የሚወስደው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የተረፈውን ነው። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያው ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወራሽ የሚታሰበው።

በዚህ ቅደም ተከተል ምክንያት ከገዛ እህቴ ጋር ተጣልቼአለሁ። በስድስተኛው ወር ላይ ባንኩ ገንዘቡን ሲለቅ "አሁን አካፍለን፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ። ተቸግራ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አስፈጻሚ ዕዳ ሳይከፍል ንብረት ካከፋፈለ፣ በብዙ አገር ሕግ በኋላ ለሚመጣው አበዳሪ ከራሱ ኪስ ሊከፍል ይችላል። እምቢ አልኩ። ሁለት ወር ያህል አላናገረችኝም። በሰባተኛው ወር አክስቴ ለሕክምና የተበደረችበትን ሰነድ ይዞ አንድ ሰው መጣ። እውነተኛ ዕዳ ነበር፣ ከፈልን። እህቴም ያን ቀን ደወለች።

ስለ አስፈጻሚ ካነሳሁ፣ የአልፍሬድ ኖቤልን አስፈጻሚ ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ኖቤል የመጨረሻ ኑዛዜውን እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ያለ ጠበቃ ራሱ ጻፈ። አብዛኛው ሀብቱ ለሽልማት እንዲውል አዘዘ፣ ሽልማቱን ይሰጣሉ ያላቸውን ተቋማት ግን አስቀድሞ አላማከራቸውም፣ ገንዘቡን የሚይዝ ድርጅትም አላቋቋመም። በዓመቱ ታኅሣሥ ወር ሞተ። አስፈጻሚ ከተባሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ራግናር ሶልማን የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ንብረቱ በተለያዩ አገሮች ተበትኗል፣ ዘመዶች ተቃወሙ፣ ሟች የየት አገር ነዋሪ ነው የሚለው ራሱ ክርክር ሆነ። ሶልማን የፓሪሱን ሰነድ ሲያጓጉዝ ዝርፊያ ፈርቶ በፈረስ ጋሪ ላይ ሽጉጥ ይዞ እንደተቀመጠ ራሱ ጽፏል። የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፣ ኖቤል በሞተ በአምስት ዓመቱ። ዓለም የሚያስታውሰው ኖቤልን ነው። ነገሩን ጎትቶ እዚያ ያደረሰው ግን ያ ልጅ ነው።

አንድን ሰው አስፈጻሚ ብሎ ከመጻፍ በፊት መጠየቅ ይገባል። አክስቴ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እሺ እል ነበር፣ ግን ያኔ "እትዬ፣ አክሲዮኑ የት ነው? ለማን ዕዳ አለብሽ? ምስክር እነማን ናቸው?" ብዬ ሁሉንም ከአፏ እሰማ ነበር። የአስፈጻሚው ድካምም ዋጋ እንዳለው መጻፍ ጥሩ ነው። "ለሚደክመው ይህን ያህል ይሰጠው" የምትል አንዲት መስመር ካለች ወራሽ አያኮርፍም፣ አስፈጻሚም አያፍርም። እኔ የሥራ ፈቃዴን ጨርሼ ያለ ደመወዝ የወሰድኳቸው ቀናት ነበሩ፣ እነሱን ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም የሚጠይቅ ሰው ስሙ ይጠፋል።

ኑዛዜው የት እንደሚቀመጥም ወጪ ነው። ዘፋኟ አሬታ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ስትሞት ኑዛዜ የላትም ተብሎ ነበር። በዓመቱ በእጇ የተጻፉ ወረቀቶች ቤቷ ውስጥ ተገኙ፣ አንዱ ከሶፋ ትራስ ሥር ደብተር ውስጥ። ልጆቿ የትኛው ይጽና በሚለው ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው የሶፋው ወረቀት የጸናው። የእኛ አክስት ወረቀቷን ፍራሽ ሥር ነበር ያስቀመጠችው። ፍራሹን ለሰው ልንሰጥ ጠቅልለን ከበር አድርሰነው ነበር።

ለጓደኛዬ የምመልስለት እንግዲህ ይህን ነው። ኑሮህ ቀላል ከሆነ፣ የአገርህን ሕግ አንብበህ በእጅህ ጻፍ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ብቻ ለጠበቃ ከፍለህ አስነብበው። የተወሳሰበ ከሆነ ገንዘቡን ለማስጻፉ አውጣው፣ አትሰስት። ሁለተኛ አገር ንብረት ካለህ እሱን ለብቻው አማክር፤ ትርጉሙ፣ ማረጋገጫው፣ ሁለተኛው ጠበቃ ሁሉ ይደራረባል። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ልጅ ሲመጣ ወረቀቱን እንደገና አውጥተህ እየው። ትንንሽ ዕቃም ጻፍ።

ትንንሽ ዕቃ ያልኩት በምክንያት ነው። አክስቴ የእጅ ሰዓት ነበራት፣ ማሰሪያው ያረጀ፣ ኑዛዜው ላይ ያልተጠቀሰ። ሁለት ሰዎች "ለእኔ ነው ያለችው" አሉ። አንደኛዋ ያችው ያስታመመቻት ልጅ ናት፣ ሌላው የወንድሟ ልጅ ነው። ነገሩ በጠበቃ ደብዳቤ ሁሉ ደረሰ። ሰዓቱን ያስገመትነው ለክርክሩ ሲባል ነው፣ የገማቹ ክፍያ ከሰዓቱ ዋጋ በለጠ። አራት ወር ያህል በአንድ ገበታ አልተቀመጡም። የስምምነቱን ሰነድ የምንፈርም ቀን ግን፣ ሁሉም ፈርመው ሊነሱ ሲሉ፣ የወንድሟ ልጅ "ሰዓቱ ለእሷ ይሁን፣ ሌሊት መድኃኒት ስትሰጣት ሰዓት የምታይበት እሱ ነበር" አለ። ማንም መልስ አልሰጠም። እሷ አልመጣችም ነበር፣ የፈረመችው ቀድማ ነው።

በማግስቱ ወስጄ ሰጠኋት። የሰማያዊው ደብተር የመጨረሻ መስመር ወደ እሷ ቤት የሄድኩበት የታክሲ ሒሳብ ነው።